አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፦ ኮምፒውተር ዲስኩን «የሚያጣው» ለምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ተማሪዬ ደወለልኝ። ድምፁ የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነበር። «መምህር፣ ዲስኮቹ በሙሉ ሞተዋል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ሙከራችን ስድስት ሃርድ ዲስኮች የያዘ አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበረን። የሦስት ዓመት የመስክ ልኬት እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሌላ ቅጂ የለውም። (ጥፋቱ የኔ ነው፤ እመለስበታለሁ።) በዚያ ሳምንት ዲስኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ካርድ፣ ማለትም ኮንትሮለሩ፣ ተበላሸ። ተማሪው ያው ዓይነት ያገለገለ ካርድ ፈልጎ ተካው፤ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሳና የዲስኮችን ዝርዝር ጠየቀ። ማሽኑ ያሳየው ያችኑ ፍላሽ ብቻ ነው። ስድስቱ ዲስኮች የሉም።

«ስድስቱም ባንድ ቀን?» አልኩት። ዝም አለ። «ሲሽከረከሩ ይሰማሃል?»

«አዎ፣ ይሰማሉ።»

«እንግዲያው አልሞቱም። ምንም ነገር እንዳትነካ፤ መጣሁ።»

ያን ምሽት ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እስቲ ጥያቄውን እናብላላው። አንድ ዲስክ እዚያው ሳጥን ውስጥ እየተሽከረከረ፣ ኬብሉ ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ኮምፒውተሩ እንዴት «የለም» ይላል? መልሱ በአንድ ዕቃ ውስጥ አይገኝም። በዲስኩና በሊኑክስ መካከል የተደራረቡ ንብርብሮች አሉ። እያንዳንዱ ንብርብር በአንድ ዘመን የነበረ አንድ ችግር ለመፍታት የገባ ነው። እያንዳንዱም ዲስክ ሊጠፋበት የሚችል ቦታ ነው። ስለዚህ ዲስክ ፍለጋ ማለት ታሪክን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው ብል አላጋነንኩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲስክ የማይጠፋበት ዘመን

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ሃርድ ዲስክ በ1956 ከአይቢኤም ወጣ። በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ከተማ፣ ሬይኖልድ ጆንሰን በሚመሩት ቡድን የተሠራ ነው። ራማክ የሚባለው ኮምፒውተር አካል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት። ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ነው። ይህ ሁሉ ብረት ታዲያ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል።

ራማክ ግን አንድ ነገር አያውቅም ነበር፦ «ዲስኩ አልተገኘም» የሚለውን ጣጣ። ለምን? ኮምፒውተሩንም፣ ዲስኩንም፣ መሐል ያለውን ሽቦም የሠራው አንድ ድርጅት ነው። ሁሉም ለአንዱ ተለክቶ ተሰፍቷል። የአንድ ቤት ልጆች በር ላይ ማን እንደሆኑ አይጠያየቁም። መጠያየቅ የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ራሱን የማያውቅ ዲስክ

እንግዳው በ1980 መጣ። አላን ሹገርትና ፊኒስ ኮነር ከሌሎች ጋር ያቋቋሙት፣ በኋላ ሲጌት የተባለው ድርጅት፣ ለትናንሽ ኮምፒውተሮች የሚሆን ዲስክ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ኤስቲ-506፣ አቅሙ 5 ሜጋባይት ነው። አሁን ዲስኩን አንዱ ይሠራል፣ ኮንትሮለር ካርዱን ሌላው፣ ኮምፒውተሩን ሦስተኛው። ዋጋ ቀነሰ፣ ምርጫ በዛ። መተዋወቅ ግን ችግር ሆነ።

የዚያ ዘመን ዲስክ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሞተር፣ ማንበቢያ ራስ፣ ሁለት ኬብል፣ በቃ። ስንት ሳህን እንዳለው፣ በየሳህኑ ስንት ክብ መስመር እንዳለ፣ ራሱ አያውቅም። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሰው ነው። በ1984 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ኤቲ ውስጡ የዲስክ ዓይነቶች ሠንጠረዥ ነበረው፤ ባለቤቱ ከዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ዲስክ የሚመስለውን ቁጥር መርጦ ያስገባል። ቁጥሩን ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ ዲስኩን በተሳሳተ ካርታ ይፈልገዋል። ልብ በሉ፣ ዲስኩ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው።

ዲስኩ ስሙን መናገር ጀመረ

ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ መጣ። አንደኛው ስከዚ ይባላል። መነሻው የዚያው የሹገርት የቀድሞ ድርጅት ሥራ ሲሆን፣ በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። በመጀመሪያው ስከዚ በአንድ ኬብል ላይ ስምንት አድራሻዎች አሉ፣ ከዜሮ እስከ ሰባት። አንዱን ኮንትሮለሩ ይይዛል፣ የቀሩት ለዲስኮችና ለሌሎች ዕቃዎች ናቸው። ኮንትሮለሩ በየአድራሻው እየዞረ «ማን ነህ?» ይላል፤ ዕቃው ስሙንና ዓይነቱን ይመልሳል።

ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ዲስክ አንድ ቁጥር ከያዘ ሁለቱም አብረው ይመልሱና ወሬው ይደበላለቃል። የኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ መዝጊያ መኖር አለበት፤ ከሌለ ምልክቱ ጫፉ ጋ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ ሥራውን ያውካል። የዘመኑ ባለሙያዎች ስንት ሌሊት ደኅና ዲስክ ሲነቅሉና ሲሰኩ አድረዋል!

ሁለተኛው መፍትሔ አይዲኢ ነው። በ1986 አካባቢ ዌስተርን ዲጂታል፣ ኮምፓክና አጋሮቻቸው ኮንትሮለሩን ከካርድ አንሥተው ዲስኩ ጀርባ ላይ ለጠፉት። አሁን ዲስኩ የራሱን ጠባይ ያውቃል። «ራስህን አስተዋውቅ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው 512 ባይት የሚያህል መልስ ይሰጣል፤ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ መጠኑን። ዛሬም የምትጠቀሙበት ሳታ ዲስክ ይህንኑ መልስ ይሰጣል።

አይዲኢም ቢሆን የራሱ ጣጣ ነበረው። በአንድ ኬብል ሁለት ዲስክ ይሰካል፤ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ የሚወስነው ጃምፐር የምትባል የጥፍር ያህል የማትሞላ ፕላስቲክ ናት። እሷ ካለቦታዋ ከገባች አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱም ዲስኮች ይሰወራሉ። ከ2003 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለው ሳታ ይህን ጣጣ የገላገለን ቀላል በሆነ ውሳኔ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ኬብል።

ቁጥር ሲያልቅ

ዲስኩ ስሙን ተናግሮም ቢሆን ሌላ ግድግዳ ነበር። ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ ያለን ቦታ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። አራት ሳጥን ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ከ9,999 በላይ መጻፍ አይቻልም አይደል? ያው ነው።

በቀድሞው ባዮስና በአይዲኢ ደንብ መካከል የጋራ ሆኖ የተረፈው ቢበዛ 1,024 መስመር፣ 16 ማንበቢያ ራስ፣ 63 ክፍል ነበር። ክፍሉ፣ ማለትም ሴክተሩ፣ 512 ባይት ነው። አባዙት፤ 528 ሚሊዮን ባይት ላይ ያበቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከዚያ የበለጠ ዲስክ የገዛ ሰው የገዛውን ያህል አላየም። ቀጥሎ 28 ቢት ቁጥር መጣ፣ 137 ጊጋባይት ላይ ቆመ። በ2002 ደረጃው ወደ 48 ቢት ሲሰፋ ችግሩ ለረጅም ጊዜ ተቃለለ። አንዳንድ የቆዩ የሰርቨር ካርዶች ግን 32 ቢት ብቻ ይቆጥራሉ፤ ከ2.2 ቴራባይት ያለፈውን አያዩም። ዛሬም ካርዱ 2.2 ቴራ ብቻ የሚያሳየው 4 ቴራ ዲስክ ካጋጠማችሁ ዲስኩን አትውቀሱ። ካርዱ ቁጥር አልቆበት ነው።

«ሌላ የለኝም» ያለው ተማሪ

አሁን ሊኑክስ ይግባ። በነሐሴ 1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየጻፈ መሆኑን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ አስታወቀ። በዚያች አጭር መልእክት ውስጥ አንድ ደስ የምትል ነገር አለች። ሥርዓቱ ከኤቲ ዲስኮች በስተቀር ሌላ ዲስክ መቼም ላይደግፍ ይችላል፤ ምክንያቱም ያለኝ እሱ ብቻ ነው ይላል።

ይህቺ ቅንነት የጉዳያችን እምብርት ናት። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮንትሮለርን የሚያውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ድራይቨር ሲጽፍለት ብቻ ነው። ድራይቨር ማለት ከዚያ ካርድ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር ፕሮግራም ነው። ድራይቨር ከሌለ ካርዱም፣ ከኋላው የተሰለፉት ዲስኮችም ለሊኑክስ የሉም። ደግነቱ ቶርቫልድስ ተሳስቷል፤ በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ካርድ ድራይቨር እየጻፉ ላኩ፣ ሊኑክስም ስከዚን፣ ሳታንና የሰርቨር ካርዶችን ተማረ።

ድራይቨሩ ቢኖርም አንድ እንቆቅልሽ ይቀራል። ድራይቨሩ የት ነው የሚቀመጠው? ዲስክ ላይ። ዲስኩን ለማንበብ ምን ያስፈልጋል? ድራይቨሩ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ሊኑክስ መፍትሔ ያደረገው፣ ሲነሣ አስፈላጊ ድራይቨሮችን የያዘች ትንሽ ጥቅል መጀመሪያ ወደ ሜሞሪ መጫን ነው። ጥቅሏ ኢኒት-ራም-ኤፍኤስ ትባላለች። ካርድ ከቀየራችሁ በኋላ ማሽኑ «ዋናውን ዲስክ አጣሁት» ብሎ ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ የአዲሱ ካርድ ድራይቨር በዚህች ጥቅል ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ስምም ይለወጣል። ድሮ የአይዲኢ ዲስኮች «ኤችዲኤ»፣ የስከዚ ዲስኮች «ኤስዲኤ» ይባሉ ነበር። ሳታ ሲመጣ የሊኑክስ ሰዎች የስከዚውን መንገድ ተጠቀሙለት፤ ሳታም «ኤስዲኤ» ሆነ። የድሮው የአይዲኢ ክፍል በ2021 ከከርነሉ ጨርሶ ወጣ። በመካከሉ የድሮውን ስም ይዘው የሚፈልጉ ማሽኖች ዲስካቸውን «አጡት»፤ ዲስኩ ግን ስሙን ቀይሮ እዚያው ነበር።

ድራይቨርም ይጡር ይሆናል። በ2019 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 የብዙ አሮጌ ኮንትሮለሮችን ድጋፍ አንሥቷል። ትናንት በስሪት 7 ይታይ የነበረ ዲስክ ዛሬ በስሪት 8 ላይታይ ይችላል፤ በመሐል አንድም ብሎን ሳይነካ።

መጋረጃው

የመጨረሻው ንብርብር ሆን ተብሎ የሚሰውር ነው። በ1988 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አሳተሙ። ሐሳቡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ነው ማለት ይቻላል፦ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ማሠራት፤ አንዱ ቢሞት እንኳ መረጃው ከቀሩት እንዲመለስ አድርጎ። ስሙ ሬይድ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ካርዶች የራሳቸው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አላቸው። ስድስት ዲስክ ከኋላቸው ደብቀው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ትልቅ ዲስክ ብቻ ያሳያሉ። ደግ መጋረጃ ነው፤ ግን መጋረጃ ነው። በብዙዎቹ ካርዶች ላይ ዲስኮቹ በቡድን ካልተደራጁ ለሊኑክስ የሚታይ ምንም ነገር የለም። ሰው አዲስ ዲስክ ሰክቶ «አልታየም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ይህን ቡድን የማደራጀት ሥራ በሶፍትዌር የሚሠሩ እንደ ዜድኤፍኤስ ያሉ ሥርዓቶች መጡ። እነሱ ዲስኩን ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋሉ። ሰዎችም የአንዳንድ ካርዶችን ፈርምዌር ቀይረው መጋረጃውን አውልቀው ይጥላሉ፤ ካርዱ ከዚያ ወዲያ አስተላላፊ ብቻ ይሆናል።

ይህ የሰርቨር ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ የሚወጡት በባዮሳቸው ውስጥ የዲስኩ መንገድ «ሬይድ» ተብሎ ነው፣ አንድ ዲስክ ብቻ ይዘው እንኳ! ሊኑክስ ልትጭኑ ስትሉ ዲስክ የለም የሚላችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከርነሉ ራሱ በአንዳንዶቹ ላይ የተሰወረ ዲስክ እንዳገኘና ባዮሱን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ እንድትቀይሩ በመልእክቱ ይመክራል። መልእክቱን የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በዚያው ማሽን ላይ ዊንዶውስ ካለ ቀድማችሁ ካላዘጋጃችሁት ከለውጡ በኋላ ላይነሣ ይችላል።

ያ ምሽት

ቤተ ሙከራው ስደርስ ተማሪው ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሏል። ከታች ጀመርን።

ኃይል ይደርሳቸዋል? ይሽከረከራሉ፤ አዎ። ይህን ቀላል ጥያቄ አትናቁት። በ2016 የወጣ የሳታ ደንብ ከኃይል መስጫው ፒኖች ሦስተኛውን ዲስክ ማጥፊያ አድርጎታል፤ ድሮ ያቺ ፒን ኃይል የምታደርስ ነበረች። ስለዚህ አዲሱን ደንብ የሚያውቅ ዲስክ በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲሰካ «ጥፋ» የተባለ መስሎት ጨርሶ ሳይሽከረከር ይቀራል።

ካርዱስ ይታያል? በማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩ ካርዶችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስ-ፒሲአይ» የሚባል ትእዛዝ ጠየቅን። አለ። ድራይቨር ይዞታል? ይዞታል፤ ያው ትእዛዝ ይነግራችኋል። ከርነሉ ሲነሣ የጻፈውን ማስታወሻ በ«ዲሜሴጅ» አነበብን፤ ካርዱ ያለ ምንም ስሕተት ተነሥቷል፤ «የማሳያችሁ ዲስክ የለኝም» ብቻ ነው የሚለው። በሌላ አነጋገር ከሊኑክስ እስከ ካርዱ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። የተዘጋው ከካርዱ ወዲያ ነው። መጋረጃው!

ማሽኑን እንደገና አስነሥተን፣ ሊኑክስ ከመግባቱ በፊት ካርዱ ራሱ የሚያሳየውን ጽሑፍ ጠበቅን። ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ የሚል ነው፤ ተማሪው ሳያየው አልፏል። «ባዕድ አደረጃጀት ተገኝቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ነው። ከሥሩ ምርጫ አለ፦ ተቀበል ወይስ አጥፋ?

ተማሪው «ባዕድ ነው እኮ የሚለው፤ የድሮው ካርድ ጥራጊ ይሆናል። አጥፍተን እንደ አዲስ ብናዋቅረውስ?» አለኝ። እጁ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

እጁን ያዝኩት። እስቲ እናንተም አስቡት። ስድስቱ ዲስኮች እንዴት እንደተደራጁ የሚናገረው መዝገብ በዲስኮቹ ላይ ተጽፏል። አዲሱ ካርድ ያን መዝገብ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ካለው ጋር ያስተያያል። ካርዱ ያገለገለ ቢሆንም እነዚህን ዲስኮች ከዚህ በፊት አላያቸውም። ስለዚህ «ባዕድ» አላቸውና ባለቤቱ እስኪፈቅድ ድረስ በር ላይ አቆማቸው። የጠፋ ነገር የለም፤ ጥንቃቄ ነው። «አጥፋ» ብንለው መዝገቡ ይሰረዛል፤ ቀጥሎ አዲስ ቡድን ፈጥረን ከባዶ ጀምር ብንለው ደግሞ የሦስት ዓመቱ ልኬት በላዩ ላይ ዜሮ ይጻፍበት ነበር።

«ተቀበል» አልነው። ሊኑክስን አስነሣን፣ ዝርዝሩን ጠየቅን። «ኤስዲኤ» አለ። ተማሪው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ሌላ ትልቅ ዲስክ አምጥቶ መገልበጥ ነበር። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ የተሳሳተ አንድ ቁልፍ ሲጫን ግን አያድንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሁለተኛ ቅጂ የኖርኩት ይህን እያወቅኩ ነው።

እንግዲህ የታሪኩ ጥቅም ይህ ነው። «አልታየም» የሚለውን ቃል «የለም» ብሎ የሚሰማ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ማሽኑ የሚያቀርብለትን የመጀመሪያ አማራጭ ይጫናል። ፎርማት ላድርግ? እሺ። ላጥፋ? እሺ። ከመካከላቸው ስንቱ ደኅና ዲስክ በባለቤቱ እጅ እንደተደመሰሰ መገመት አያቅትም። በዲስኩና በሱ መካከል ኃይል፣ ኬብል፣ ቁጥር፣ ካርድ፣ ድራይቨርና መጋረጃ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የቱ ጋ ነው የቆመው?

ተማሪው አሁን ራሱ ያስተምራል። ዲስክ ጠፋብኝ ብሎ ለሚመጣበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያችኑ ናት፦ «ሲሽከረከር ይሰማሃል?»